ማርኮኒ፦ ሽቦን ሰማይ ላይ የሰቀለው ሰው

የሬዲዮ ድምፅ ሲቆራረጥ አንቴናውን መምዘዝ፣ ወደ መስኮት መጠጋት፣ ይህም ካልረዳ ረዘም ያለ ሽቦ ጫፉ ላይ አስሮ ከዛፍ ወይም ከጣሪያ ላይ መስቀል፤ ይህን ሞክሮ የማያውቅ የሬዲዮ አድማጭ ጥቂት ነው። ሽቦው ከፍ ሲል የራቀው ጣቢያ ይቀርባል። ይህን ብልሃት በሥራ ፈትኖ ለዓለም ያሳየው ጉልየልሞ ማርኮኒ የተባለ ጣሊያናዊ ነው።

የማርኮኒ ሕይወት ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ባሕር ላይ የሚሰጥሙ ሰዎች የድረሱልን ጥሪያቸው እንዲሰማ ያደረገ ሰው ነው። በሌላ በኩል ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ከወራሪው ጎን የቆመ፣ አይሁዳውያን ምሁራንን ከደጃፍ የመለሰ ሰው ነው። ታሪኩ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚነገረው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአባቱ ግቢ የተጀመረ ሥራ

ማርኮኒ የተወለደው ሚያዝያ 25 ቀን 1874 በጣሊያን በቦሎኛ ከተማ ነው። አባቱ ጁሴፔ ባለ ርስት ነበር። እናቱ አኒ ጄምሰን የአየርላንድ ተወላጅ ስትሆን፣ ቤተሰቧ በውስኪ ፋብሪካ የታወቀ ነበር። ልጁ አብዛኛውን ትምህርቱን የተማረው በቤት ውስጥ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ አልያዘም። ልቡ ግን ከኤሌክትሪክ ጋር ነበር።

በዚያን ጊዜ ሃይንሪክ ኸርትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ዓይን የማያየው ሞገድ በአየር ላይ እንደሚልክ አሳይቶ ነበር። ይሁን እንጂ ሙከራው ከአንድ አዳራሽ አልወጣም። ኸርትዝ በ1894 ገና በወጣትነቱ ሲሞት ስለ ሥራው ብዙ ተጻፈ። የ20 ዓመቱ ማርኮኒ ያን አንብቦ፣ ይህ ሞገድ ያለ ሽቦ መልእክት ሊወስድ ይችላል ብሎ ተነሣ።

ሥራውን የጀመረው ፖንቴኪዮ በሚባል ቦታ በነበረው የአባቱ ቤት ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር ባለች ክፍል ነው። ለመቀበያ የተጠቀመበት የብረት ብናኝ የያዘ ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ነበር። ሞገዱ ሲነካው ብናኙ እርስ በርሱ ይያያዝና ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ከዚያ ትንሽ መዶሻ ቱቦውን መታ አድርጋ ብናኙን ትበትነዋለች፤ ቱቦውም ለሚቀጥለው ምልክት ይዘጋጃል። ይህን ቱቦ ሌሎች ሰዎች ቀድመው ሠርተውት ነበር፤ ማርኮኒ ደጋግሞ እየፈተነ አሻሻለው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1895 ከቤት ወደ ደጅ ሲወጣ ነው። ከመላኪያው ሁለት ጫፎች አንዱን በረጅም እንጨት ላይ በሰቀለው ብረት አያያዘው፤ ሌላውን ጫፍ መሬት ውስጥ ቀበረው። በመቀበያውም እንዲሁ አደረገ። ያኔ በጥቂት ሜትር ይለካ የነበረው ርቀት ዘለለ። ብረቱን ከፍ ባደረገ ቁጥር ምልክቱ ይበልጥ ይርቃል። እየለካ ሲሄድም የአንቴናው ቁመት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ወደ አራት እጥፍ እንደሚደርስ አስተዋለ።

አባቱ ሥራውን እንደ ልጅ ጨዋታ ያየው ነበር፤ እናቱ ግን ታበረታታው ነበር። ወንድሙ አልፎንሶ ደግሞ መቀበያውን ተሸክሞ በየሜዳው ይሄድለታል። መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ሲደርስ አልፎንሶ መሐረብ ያውለበልብ ነበር። በኋላ መቀበያውን ከኮረብታ ማዶ ይዞት ሄደ። ከዚያ መሐረብ ስለማይታይ ጠመንጃ ያዘ። ማርኮኒ ከቤቱ ምልክቱን ሲልክ ከኮረብታው ጀርባ ተኩስ ተሰማ። ሞገዱ ኮረብታውን ተሻግሯል ማለት ነው። ርቀቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር።

ወደ እንግሊዝ

በ1896 እናቱ ይዛው ወደ ለንደን ሄደች፤ እዚያ ዘመድም መርከብም ገንዘብም ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን የፈጠራ መብት ጥያቄውን አስገባ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ፕሪስም ደገፈው። በ1897 ምልክቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ተሻገረ። በ1899 ከፈረንሳይ ጠረፍ ወደ እንግሊዝ ጠረፍ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ተላከ።

ማርኮኒ ግን ዓይኑን የጣለው አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነበር። ብዙ ሳይንቲስቶች ይህ አይሆንም ይሉ ነበር፤ ምድር ክብ ናትና ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ጠፈር ያመልጣል የሚል ነበር ምክንያታቸው። ድርጅቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ፖልዱ በሚባል ገደል አፋፍ ላይ ታላቅ ጣቢያ አቆመ።

የፖልዱ ውድቀት

የፖልዱ አንቴና 20 ምሰሶዎች በክብ ቆመው የያዙት ነበር። እያንዳንዱ ምሰሶ ወደ 61 ሜትር ይረዝማል። የምሰሶዎቹ አናት ለአናት በገመድ የተያያዘ ነበር። ሥራውን ከሚመሩት መሐንዲሶች አንዱ ሪቻርድ ቪቭያን፣ አንዱ ምሰሶ ቢወድቅ ሌሎቹን ሁሉ ይዞ ይወድቃል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሆኖም ሥራው ቀጠለ።

መስከረም 17 ቀን 1901 ከባሕሩ ብርቱ ማዕበል ተነሣ። ሃያዎቹም ምሰሶዎች ወደቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚያ ግን መተሳሰሩ ራሱ ለውድቀት ዳረጋቸው። በአሜሪካ ኬፕ ኮድ ላይ የተሠራው ተመሳሳይ አንቴናም ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በኖቬምበር በነፋስ ፈረሰ።

ማርኮኒ ሥራውን አልተወም። በፖልዱ ሁለት ምሰሶዎች ብቻ አቁሞ በመካከላቸው ከ50 የሚበልጡ ሽቦዎችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ሰቀለ። መቀበያውን ግን በምሰሶ ላይ ለማቆም ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ጆርጅ ኬምፕ እና ፐርሲ ፓጄት የተባሉ ሁለት ረዳቶቹን፣ ፊኛዎችንና በነፋስ የሚበሩ ካይቶችን ይዞ ወደ ኒውፋውንድላንድ ተሳፈረ። ካይት ልጆች በክር ይዘው የሚያበሩት ዓይነት ነው፤ የእሱ ግን ትልቅና ጠንካራ ነበር።

በሴንት ጆንስ ከተማ አጠገብ ካለው የሲግናል ሂል ኮረብታ ላይ ብርዱና ነፋሱ አላስቆም አለ። አንድ ፊኛ ገመዱን በጥሶ ጠፋ። አንድ ካይትም እንዲሁ ሄደ። ሌላው ካይት ግን 150 ሜትር ያህል ሽቦ ይዞ አየር ላይ ቆየ። ካይቱ ሲወጣና ሲወርድ የሽቦው ከፍታ ስለሚለዋወጥ በጥንቃቄ የተቃኘው መቀበያ አልሠራ አለ። ማርኮኒ እሱን ትቶ ቀላሉን መቀበያ አያያዘና የስልክ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደገነ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1901 ከቀትር ጥቂት አለፍ ሲል ሦስት አጫጭር ድምፆች ሰማ። በሞርስ ፊደል ሦስት ነጥብ ማለት ነው፤ ፖልዱ እንድትልክ የታዘዘችው ይህንኑ ነበር። ማዳመጫውን ለኬምፕ ሰጠው፤ እሱም ሰማሁ አለ። በመካከላቸው የነበረው ርቀት ከ3 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

ከሁለቱ ሰዎች ጆሮ በቀር ምስክር ስላልነበረ ያን ጊዜም የተጠራጠሩ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም የሚጠራጠሩ ሳይንቲስቶች አሉ። ማርኮኒ ጥርጣሬውን በክርክር ሳይሆን በሌላ ሙከራ መለሰ። በየካቲት 1902 ፊላደልፊያ በምትባል መርከብ ተሳፍሮ፣ ከፖልዱ የሚመጣውን ምልክት በወረቀት ጥብጣብ ላይ እያተመ ተጓዘ። ሌሊት ምልክቱ ከ2 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ፤ ቀን ግን የግማሹን ያህል እንኳ አልሄደም። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ፦ ከምድር በላይ ያለ ኤሌክትሪክ ያዘለ የአየር ንብርብር ሞገዱን ወደ ምድር ይመልሰዋል፤ ይህም በሌሊት ይበልጥ ይሠራል። የሩቅ አገር ጣቢያ ከመሸ በኋላ አጥርቶ የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነፋስ ያስተማረው

በ1902 በፖልዱ በወደቁት ምሰሶዎች ቦታ ከእንጨት የተዋቀሩ አራት ማማዎች ቆሙ። ቁመታቸው ወደ 65 ሜትር ነበር። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ማማ በራሱ እግር የቆመ ነበር። እነዚህ ማማዎች ለብዙ ዓመታት አገለገሉ።

በጣሪያው ላይ አንቴና ለሚሠራ ሰው ይህ ትምህርት ዛሬም ይጠቅማል። አንደኛ፣ ምሰሶው በሦስት ወይም በአራት አቅጣጫ በራሱ ገመድ ይወጠር፤ ከሌላ ምሰሶ ጋር ብቻ ታስሮ አይቁም። ሁለተኛ፣ ሽቦው ምሰሶውን እንዳይነካ በሸክላ ወይም በፕላስቲክ ማገጃ ይለይ። ሦስተኛ፣ መዳብ ከብረት ጋር የተያያዘበት ቦታ እርጥበትና ጨው ሲያገኘው ፈጥኖ ይበላልና መጋጠሚያው በደንብ ይሸፈን። አራተኛ፣ ምሰሶው ከመብረቅ እንዲጠበቅ ከመሬት ጋር በትክክል ይያያዝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ቢወድቅ እንኳ የኤሌክትሪክ መስመር በማይነካበት ቦታ ይቁም።

ርዝመቱም እንዲሁ በግምት አይደለም። ማርኮኒ ለረጅም ሞገድ ረጅም ሽቦ አስፈልጎት ነበር። በኤፍ ኤም ላይ በ100 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጭ ጣቢያ ግን የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው። የዚህ አንድ አራተኛ 75 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በእጅ የሚመዘዝ አንቴና ለዚያ ይበቃል።

ዝና

በ1909 ማርኮኒ ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በሚያዝያ 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም የድረሱልን ጥሪ የላኩት ሁለት ወጣቶች የእሱ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። ካርፓቲያ የምትባለው መርከብ ጥሪውን ሰምታ ደርሳ ከ700 የሚበልጡ ሰዎችን አነሣች። ከዚያ ወዲህ በመርከብ ላይ ሬዲዮ መኖር እንደ ትርፍ ነገር አልታየም።

ሥራው የእሱ ብቻ አልነበረም። ኦሊቨር ሎጅ፣ ኒኮላ ቴስላና ሩስያዊው አሌክሳንደር ፖፖቭም በዚህ መስክ ቀድመው ወይም ጎን ለጎን ሠርተዋል። የፈጠራ መብት ክርክሩም ከእሱ ሞት በኋላ እንኳ በፍርድ ቤት ቀጥሏል።

ሌላው ገጽ

በ1923 ማርኮኒ የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። በ2002 ይፋ የሆኑ ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ ለአካዳሚው አባልነት ከታጩት ምሁራን መካከል በአይሁዳውያኑ ስም አጠገብ ምልክት ይደረግ ነበር። ምልክቱ በጣሊያንኛ አይሁዳዊ የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው። በእሱ ዘመን አንድም አይሁዳዊ ወደ አካዳሚው አልገባም። ይህ የሆነው ጣሊያን በ1938 የዘር ሕጎቿን ከማወጇ በፊት ነው።

በጥቅምት 1935 የጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። ማርኮኒ ወረራውን በአደባባይ ደገፈ፤ ዝናውን ይዞም በውጭ አገር ለሙሶሊኒ ሊሟገት ዞረ። በእንግሊዝ በቢቢሲ ስለ ጦርነቱ ለመናገር ቢጠይቅ ተከለከለ። ሬዲዮን ለዓለም ያዳረሰው ሰው፣ ሬዲዮ በሩን ዘጋበት። በዚያው ዓመት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ አጠገብ ባለው በአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ በኩል የአገራቸውን ጉዳይ ለዓለም አሰምተዋል። ያ ድምፅ ባሕር የተሻገረው ማርኮኒ በአባቱ ግቢ በጀመረው መንገድ ነው።

ማርኮኒ ሐምሌ 20 ቀን 1937 በሮም በልብ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 63 ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። በዚያች ዕለት የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ከያዘ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ አርበኞችም በየጫካው እየተዋጉ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ መዲናቸው የተመለሱት ግንቦት 5 ቀን 1941 ነው።

የማርኮኒ መቃብር ዛሬ ያለው በፖንቴኪዮ፣ በአባቱ ቤት ሥር ነው። አልፎንሶ ጠመንጃውን የተኮሰበት ኮረብታም ከዚያው ፊት ለፊት ይገኛል።