የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያን

በቶሮንቶ በምንኖር ምእመናን ቤት የዳግማዊ ምኒልክ ወይም የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ምስሉን ማን እንዳነሣው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እነዚህን ነገሥታት ካነሡት ባለሙያዎች አንዱ ቤድሮስ ቦያጂያን ነበሩ። በሃይማኖት እኅታችን የሆነችው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሲሆኑ፣ ከዲያርበክር ተነሥተው በ1905 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገቡ። የቤተሰቡ ስም «የቀለም ነካሪ ልጅ» ማለት ነው፤ እርሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ከጥቁርና ከነጭ ጋር አሳለፉ። የዘመኑ ፎቶግራፍ የፀሐይ ብርሃን ይሻ ነበርና፣ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት የአዲስ አበባ በጋ፣ ማለዳው ብርዳም ቀትሩ ሙቅ የሆነው ወራት፣ ለሙያው የተመቸ ነበር። በረዶ ለምንጠርግ ለእኛ ያ ብርድ ብርድ አይባልም!

አዲስ አበባ በገቡ በዐሥረኛው ዓመት የዲያርበክር አርመኖች ተፈጁ። ከዚያ ወዲያ የሚመለሱበት መንደር አልነበራቸውም፤ ቤታቸው ኢትዮጵያ ሆነች።

ቤድሮስ በ1928 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ካሜራው ከቤተሰቡ አልወጣም። ልጃቸው ሃይጋዝ ተተኩ። ከእርሳቸውም በኋላ ቶኒ በሚል ስም የታወቁት ሌላው ልጃቸው ቶርኮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ።