ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እና ያልተቆጠሩት የኅዳር በሽታ ሟቾች

በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃውና እስከ ዛሬ የኅዳር በሽታ እየተባለ የሚጠራው ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስም አብሮ ይነሣል። ኅሩይ በአብዛኛው የሚታወቁት በደራሲነታቸውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ነው። በማዘጋጃ ቤት ኃላፊነታቸው ያሳለፉት ያ አንድ ወር ግን፣ በተለይ ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ከቀረው የሕይወታቸው ክፍል ያላነሰ ቁም ነገር ይዟል።

ኅሩይ የተወለዱት በ1870ዎቹ መባቻ በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን ተከታትለው በእንጦጦ ራጉኤል ሲያገለግሉ በጽሕፈት ችሎታቸው ታወቁ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለአምስተኛው ጆርጅ የዘውድ በዓል ከተላከው የኢትዮጵያ ልዑክ ጋር ወደ አውሮፓ ተጓዙ። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። ይህ ሥራ ከልብ ወለዶቻቸው ጋር ሲነጻጸር ብዙም አይወራለትም። ሆኖም የሰውየውን ጠባይ ከማንኛውም መጽሐፋቸው በተሻለ የሚያሳይ ይመስላል፤ ያለውን ሀብት ለማወቅ አስቀድሞ መቁጠርና መመዝገብ እንደሚያስፈልግ የተረዱ ሰው ነበሩ።

በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። ኅሩይም በአዲሱ አስተዳደር የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን እንዲመሩ ተሾሙ። በዚያው ዓመት የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ ከተማዋን ከባሕር ወደብ ጋር ባጭር ቀን ሲያገናኝ፣ ንግድና ተጓዥ ብቻ ሳይሆን በሽታም በቀላሉ የሚገባበት መንገድ ተከፈተ። በአንፃሩ የበሽታን መምጣት አስቀድሞ የሚያስታውቅ መሥሪያ ቤት በአገሪቱ አልነበረም።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አውሮፓ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ማብቂያ ስታከብር አዲስ አበባ በኢንፍሉዌንዛ ተይዛ ነበር። ሕዝቡ በሽታውን የነፋስ በሽታ ሲል ጠርቶታል። ትኩሳት፣ ሳልና ድካም የጀመረው ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞት ነበር፤ ጎልማሳና ወጣትም አልተረፈም። አስታማሚው ከታማሚው ጎን ይወድቅ ስለነበር ውኃ የሚያቀብል የጠፋበት ቤት ብዙ ነበር። እንደራሴው ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ለጥቂት ተረፉ። መንግሥቱ ከተለወጠ ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበር፣ እንደራሴው ቢሞቱ ኖሮ በሥልጣን ላይ ሊነሣ ይችል የነበረውን ጠብ መገመት አያዳግትም። በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ ከእነርሱም መካከል የታመሙ ነበሩ።

በዚህ ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አንድና አንድ ሆነ፤ በየቤቱና በየመንገዱ የወደቀውን አስከሬን ማንሣትና ማስቀበር፣ ለታማሚውም የሚቻለውን ርዳታ ማድረስ። መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ስለጠፋ ብዙዎች በወጉ ሳይፈቱ በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ያልተቀበሩትን ጅብ ይበላቸው ጀመር። ኅሩይ በሥራ ገበታቸው ላይ ሆነው ቀባሪ በማሰማራትና ሕዝቡን በመርዳት ደከሙ። ለበሽታው መድኃኒት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በየትኛውም የዓለም ከተማ አልነበረም። በመላው ዓለም ወረርሽኙ 50 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ እንደ ፈጀ ይገመታል።

የበሽታው ምክንያት ቆሻሻ ነው ተብሎ ስለታመነ ጥራጊ እየተጠራቀመ ተቃጠለ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የሚደረገው ኅዳር ሲታጠን የዚያ መታሰቢያ ነው። ጽዳቱ ለሌላ ሌላው በሽታ ይበጃል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በትንፋሽና በሳል ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ የጥራጊ ጭስ አያግደውም፤ እንዲያውም የታመመ ሳንባን ይጎዳል።

በአዲስ አበባ ስንት ሰው ሞተ ለሚለው ጥያቄ አንዳንዶች 9 ሺህ ሲሉ ሌሎች ከ10 ሺህ በላይ ይላሉ። በመላው ኢትዮጵያ ደግሞ እስከ 40 ሺህ የሚያደርሱት አሉ። እነዚህ ሁሉ ግምቶች ናቸው። በአገሪቱ የሚገኙትን መጻሕፍት አንድ በአንድ የመዘገቡት ሰው በሚመሩት ከተማ ሟቾቹ ሳይመዘገቡ ተቀበሩ። ጥፋቱ የኅሩይ አልነበረም። የልደትና የሞት መዝገብ ባልነበረበት፣ የቀበሌ ሹም ባልነበረበት፣ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ገና በ1940 ዓ.ም. ሊቋቋም 29 ዓመት በቀረበት ጊዜ ከየትም ሪፖርት ሊመጣላቸው አይችልም ነበር። የደረሳቸው ማስረጃ አስከሬኑ ራሱ ነበር።

አዲስ አበባ እንዲህ ከሆነች የገጠሩን መገመት ይቻላል። በዚያን ጊዜ በጎጃም ግዛት ሥር በነበረው በአገው ምድር፣ ዛሬ አዊ ዞን በሚባለው፣ አንድ መንደር ሙሉ በትኩሳት ቢተኛ ወሬው የሚደርስበት የጤና መሥሪያ ቤት አልነበረም። ኅሩይ ያጡትን ነገር ለመረዳት ከዚሁ ዞን ከተሞች አንዷን፣ ግምጃ ቤትን፣ ወስዶ ዛሬ ሥርዓቱ ምን እንደሚጠይቅ ማየት ይበቃል። ግምጃ ቤት የሚለው ቃል የመንግሥት ንብረት ተቆጥሮ የሚቀመጥበት ቤት ስም መሆኑም ለዚህ ጉዳይ የሚስማማ አጋጣሚ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ የበሽታ ቅኝት መነሻው ቀበሌ ነው። በግምጃ ቤት ዙሪያ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያየችውን ለጤና ጣቢያው ታሳውቃለች። መረጃው በየሳምንቱ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም እንጅባራ ወደሚገኘው የዞን ጤና መምሪያ፣ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የክልሉ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይተላለፋል። እንደ ወፍ ጉንፋንና እንደ አዲስ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ ያለው ጥርጣሬ ግን የሳምንቱን መጨረሻ አይጠብቅም፤ ወዲያውኑ መነገር አለበት።

ወቅታዊው ኢንፍሉዌንዛ ከሌላው ጉንፋን በዓይን አይለይም። ስለዚህ ያሳለውን ሰው ሁሉ ከመቁጠር ይልቅ የተመረጡ ጤና ተቋማት ይሰየማሉ። በእነዚህ ተቋማት የሙቀት መጠኑ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የሚያስለው፣ ሕመሙም ከጀመረው ከ10 ቀን ያልበለጠው ታካሚ ይመዘገባል። ሕመሙ ጠንቶ ሆስፒታል የተኛው ለብቻው ይቆጠራል። ከአፍንጫና ከጉሮሮ የተወሰደው ናሙና ቅዝቃዜው ሳይጓደል ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ የቫይረሱ ዓይነት ይለያል። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ተጀምሯል፤ ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው ተቋም ነው የጀመረው። ናሙናዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት በ1952 ካቋቋመው ዓለም አቀፍ መረብ ጋር ይገናኛሉ። ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ የክትባቱ ቅንብር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ለሰሜኑ ሌላው ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ፣ የሚወሰነው ከመረቡ በሚገኘው መረጃ ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚናቀው ዜሮ የሚል ሪፖርት ነው። ምንም ሕመምተኛ ባልታየበት ሳምንት ቅጽ ሞልቶ መላክ ለደከመ ሠራተኛ የወረቀት ጣጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ባዶ ሳምንትና ያልተላከ ሪፖርት አንድ አይደሉም። የተለመደው ሳምንት ምን ያህል ታማሚ እንዳለው ካልታወቀ ያልተለመደው ሳምንት ሲመጣ የሚያውቀው የለም። በ1911 ዓ.ም. ከጥቅምት ወደ ኅዳር ሲታለፍ የተለወጠውን ነገር አስቀድሞ ለማሳየት የሚበቃው ይህን የመሰለ ተራ ቁጥር ነበር። መረጃው ቢገኝ ኅሩይ በሽታውን ያቆሙት ነበር ማለት አይቻልም። ቀባሪ፣ እህልና ውኃ የሚያዘጋጁበት ጥቂት ሳምንት ግን ያገኙ ነበር።

ወረርሽኙ ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው በ1911 ዓ.ም. ክረምት፣ ኅሩይ በደጃዝማች ናደው ከሚመራው ልዑክ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዱ። የልዑኩ ተልእኮ ለተባባሪዎቹ መንግሥታት ድል የኢትዮጵያን ደስታ መግለጽ ነበር። በ1915 ዓ.ም. የሕይወት ታሪክ የተባለውን፣ የቀድሞና የዘመናቸውን ሰዎች ስምና ሥራ በአጭር በአጭሩ የመዘገቡበትን መጽሐፍ አሳተሙ። ወዳጄ ልቤም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በልዩ ፍርድ ቤት ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች የሚከራከሩበትን ነገር በዳኝነት አዩ፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹን ተከትለው አውሮፓን ጎበኙ፤ ጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ያደረጉትን ጉዞም በመጽሐፍ አስፍረዋል።

ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን በ1928 ዓ.ም. ስትይዝ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በአገር ቤት ሆኖ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሲታገል በኢጣሊያኖች ተገደለ። ኅሩይ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ አረፉ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከባዝ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በለንደን፣ ተመራማሪዎች የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣውን ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ነበር።