ሃሪ አንስሊንገር፤ የአደንዛዥ ዕፅ መርማሪዎች አለቃ

መርማሪ ፖሊስ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በሲኒማ ቤት የምናውቀው ሰው ነው፤ ባርኔጣውን ወደ ቅንድቡ ደፍቶ፣ የካፖርቱን ኮሌታ ከፍ አድርጎ፣ በጨለማ ጥግ ቆሞ የሚጠብቅ። ዛሬ ታሪኩን የምናወሳው ሰው ግን ወደዚህ ሙያ የሚወስደውን መንገድ የጀመረው በልጅነቱ በተላከው አንድ ትንሽ መልእክት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሃሪ ጄኮብ አንስሊንገር በ1892 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ አልቱና በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ከስዊስ አገር ከበርን የመጣ ፀጉር አስተካካይ ሲሆን እናቱ የጀርመን ተወላጅ ነበረች። ከዘጠኝ ልጆች ስምንተኛው እሱ ነው። አልቱና የባቡር ከተማ ነበረች፤ የከተማዋ እንጀራ ከፔንሲልቬንያ ምድር ባቡር ኩባንያ ይገኝ ስለ ነበር አባቱም ኋላ ምላጩን ትቶ ወደዚያው ሥራ ገባ።

ልጁ ሃሪ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ አንድ ጎረቤት ገበሬ ቤት ሄደ። እዚያም ከፎቁ ላይ አንዲት ሴት እንደ እብድ ስትጮኽ ሰማ። ባልዋ ወዲያው እየሮጠ ወረደና ልጁን በፈረስ ጋሪ ወደ ከተማ ላከው፤ ከመድኃኒት ቤት የሚሰጡትን ጥቅል ይዞ ቶሎ እንዲመለስ። ልጁ ፈረሶቹን እየገረፈ ሄደ፤ እየገረፈም ተመለሰ። ጥቅሉ ውስጥ የነበረው ሞርፊን ነው። ባልየው ይዞት ወደ ላይ ከወጣ ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ጸጥ አለ። ሴትዮዋ ሞርፊን ለምዳ ያለ እሱ መኖር ያቃታት ኖራለች። ባለመድኃኒቱም ያን የመሰለውን ነገር ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሲሰጥ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም።

ይህን ታሪክ የጻፈው ራሱ አንስሊንገር ነው፤ የጻፈውም በ1961፣ ነገሩ ከሆነ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ጩኸቱ ዕድሜ ልኩን ከጆሮው እንዳልጠፋ ይናገራል። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን። ጩኸቱን ጸጥ ያሰኘው መድኃኒት የመጣው በራሱ በልጁ እጅ ነበር። ይህን የታሪኩን ሁለተኛ ፊት አንስሊንገር ብዙ ሲያስብበት አይታይም።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሞርፊን እንደ ልብ ይገኝ ነበር። ለሳል፣ ለሆድ ቁርጠት፣ ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን ሳይቀር የሚሰጡ ሽሮፖች ኦፒየም ወይም ሞርፊን ነበረባቸው። የፌዴራሉ መንግሥት በነገሩ አጥብቆ የገባበት በ1914 የሃሪሰን ሕግ ሲወጣ ነው። ይህ ሕግ ለሕግ ተማሪ የሚያስገርም ጠባይ አለው። በየግዛቱ የሚፈጸመውን ተራ ወንጀል መቅጣትና የሐኪሞችን ሥራ መቆጣጠር የየግዛቱ እንጂ የዋሽንግተን ሥልጣን አልነበረም። ግብር መጣል ግን ዋሽንግተን ይችላል። ስለዚህ ኦፒየምና ኮካይን የሚነግድ ወይም የሚያዝ ሁሉ እንዲመዘገብና በዓመት አንድ ዶላር እንዲከፍል ተደረገ። ሳይመዘገብ የሸጠ ሰው በሕጉ ፊት ጥፋቱ መርዝ መሸጡ ሳይሆን ግብር አለመክፈሉ ነው። የአደንዛዥ ዕፅ መርማሪዎች በፍርድ ሚኒስቴር ሥር ሳይሆኑ ለብዙ ዓመታት በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር የቆዩት በዚህ ምክንያት ነበር።

ወደ ልጁ እንመለስ። አንስሊንገር ገና በወጣትነቱ በባቡር ኩባንያው ተቀጠረ። እየሠራም ይማር ነበር፤ በ1913 ፔንሲልቬንያ ስቴት ኮሌጅ ገብቶ የሁለት ዓመት ትምህርት ተከታተለ። ኩባንያው የምርመራ ሥራ ሰጠው። አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው በባቡር አደጋ ሰበብ 50,000 ዶላር ካሣ ጠይቆ ሳለ፣ ጥያቄው ማጭበርበር መሆኑን ደርሶበት ለኩባንያው ገንዘቡን እንዳዳነለት ይነገራል። ከኢጣልያ የመጡ የቀን ሠራተኞችም ከደመወዛቸው እየቀነሱ ጥቁር እጅ ለሚባሉ ወንበዴዎች ሲገብሩ ያየው እዚያው ነው። የኤፍ ቢ አይ አለቃ ኤድጋር ሁቨር ማፊያ የሚባል ማኅበር በአገሩ መኖሩን ለብዙ ዓመታት አላምንም ሲል፣ አንስሊንገር ግን መኖሩን ያውቅ ነበር፤ ሰዎቹም ስማቸውን እየጻፉ መዝገብ ይይዙ ነበር። በዚህ ነገር እውነተኛው እሱ እንደ ነበረ ሊካድ አይገባም።

አሜሪካ በ1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ቤቱ የለመደው የጀርመንኛ ቋንቋ ዕድል ከፈተለት። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ሆላንድ፣ ወደ ሄግ ላከው፤ ከዚያም ወደ ሃምቡርግ፣ ከዚያም ቬኔዙዌላ ውስጥ ወዳለችው ወደ ላ ጓይራ ወደብ። በ1926 ባሃማስ ውስጥ ናሶ በምትባል ከተማ ቆንሲል ሆነ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ መጠጥን በሕግ ከልክላ ስለ ነበር በእንግሊዝ ግዛት የነበሩት እነዚያ ደሴቶች የውስኪ ኮንትሮባንድ መናኸሪያ ሆነው ነበር። አንስሊንገር ሽጉጥ አልመዘዘም። የእንግሊዝ ሹማምንት የእያንዳንዱን መርከብ መነሻና መድረሻ መዝግበው እንዲይዙ አግባብቶ አስማማ። ውስኪ የጫነ መርከብ የት እንደ ደረሰ ወረቀት ሲጠየቅ ንግዱ ጭንቅ ውስጥ ገባ። የገንዘብ ሚኒስቴር ይህን አይቶ ሰውየውን ከውጭ ጉዳይ ተዋሰው፤ መልሶም አላስረከበውም። በበኩላችን ከዕድሜው ሥራ ሁሉ የምናደንቅለት ይህን የናሶውን ነው።

በ1930 የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ቢሮ ተቋቋመ። ከዚያ በፊት ሥራውን ይመራ የነበረው ሌቪ ኑት የተባለ ፋርማሲስት ነበር። አርኖልድ ሮትስታይን የተባለው የኒው ዮርክ ቁማርተኛና የዕፅ ነጋዴ በ1928 ተገድሎ ወረቀቶቹ ሲመረመሩ፣ የኑት ልጅና አማች በግብር ጉዳይ ለዚያው ሰው ሠርተው ተገኙ። ኑት ተነሣና አንስሊንገር በ38 ዓመቱ ተሾመ። ባለቤቱ ማርታ የገንዘብ ሚኒስትሩ የአንድሩ ሜለን ዘመድ ነበረች ይባላል፤ ይህ በሹመቱ ምን ያህል እንደ ረዳው አንባቢ ይገምት። ከፕሬዚዳንት ሁቨር ጀምሮ እስከ ኬኔዲ አምስት ፕሬዚዳንቶች ሲፈራረቁ እሱ ከወንበሩ አልተነቀነቀም።

የቢሮው መርማሪዎች ለዚያን ያህል ሰፊ አገር 300 ያህል ቢሆኑ ነው። ሥራው እንዲህ ይሠራ ነበር። በጥቂት ግራም የተያዘ ሱሰኛ ቅጣቱ እንዲቀልለት ጠቋሚ ይሆናል። ጠቋሚው መርማሪውን ገዢ ወዳጄ ነው ብሎ ከሻጩ ጋር ያስተዋውቀዋል። የሚከፈለው ብር ቁጥሩ አስቀድሞ ይጻፋል። መጀመሪያ ጥቂት ይገዛል፤ ቀጥሎ በዛ ያለ፤ ትንሹ ሻጭ የፈለጉትን ያህል ማቅረብ ሲያቅተው ከበላዩ ያለውን ነጋዴ ለማምጣት ይገደዳል። የተገዛው ዕፅ ታሽጎና ተፈርሞበት ወደ ኬሚስት ይላካል። በመጨረሻ መርማሪው ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ትናንት ወዳጁ መስሎ አብሮት ሲጠጣ ባመሸው ሰው ላይ ይመሰክራል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ጡንቻ ሳይሆን ሌላ ሰው ሆኖ መክረም ነው። አንስሊንገር ኢጣልያኖችን፣ ቻይናዎችንና ጥቁሮችን የቀጠረውም ለዚህ ነበር፤ በሃርለም መንደር ነጭ መርማሪ ቢቆም ወዲያው ይታወቃልና። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት ጥቁሮች ነጮችን እንዲያዙ አይፈለጉም ነበር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደረስን። በ1930ዎቹ አጋማሽ አንስሊንገር ፊቱን ወደ ማሪዋና አዞረ። ቀድሞ ለዚህ ዕፅ ብዙ ቦታ አይሰጠውም ነበር። አሁን ግን ከጋዜጣ የተቆረጡ የነፍስ ግድያ ወሬዎችን እያጠራቀመ በየመጽሔቱና በየስብሰባው ያነብ ጀመር። ከሁሉ የበለጠ የሚያዘወትረው በ1933 በፍሎሪዳ፣ በታምፓ ከተማ፣ ወላጆቹንና ወንድሞቹን እኅቱንም በመጥረቢያ የጨረሰውን ወጣት ነገር ነው። ወጣቱን የመረመሩት ሐኪሞች የአእምሮ በሽተኛ መሆኑን ሲያረጋግጡ አንስሊንገር ግን ጥፋቱን ለማሪዋና ሰጠ። በ1937 ሕጉ በምክር ቤት ሲመረመር የሐኪሞች ማኅበር ተጠሪ ዶክተር ዊሊያም ውድዋርድ ቀርቦ አንድ ቀላል ነገር ጠየቀ፤ የወህኒ ቤቶች መሥሪያ ቤትና የሕፃናት መሥሪያ ቤት ቁጥር ሳያቀርቡ የጋዜጣ ወሬ እንዴት ማስረጃ ሊሆን ይችላል? እንደራሴዎቹ ተቆጡት። ሕጉም ወጣ። የኒው ዮርክ ከንቲባ ላ ጓርዲያ ያቋቋሙት የሐኪሞች ጉባኤ በ1944 የተወራው ሁሉ የተጋነነ መሆኑን ሲገልጥ አንስሊንገር ጥናቱን አጥብቆ አወገዘ። በናሶ የመርከብ ወረቀት በትዕግሥት ይከታተል የነበረው ሰው እዚህ ላይ ፍርዱን አስቀድሞ ማስረጃውን ኋላ ይፈልግ ነበር።

የዘፋኟን የቢሊ ሆሊዴይን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ደግሞ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ቢሊ በሄሮይን ሱስ ተይዛ ነበር። ጂሚ ፍሌቸር የተባለ ጥቁር መርማሪ ተልኮባት ተከታተላት፤ እየተከታተለም ወዳጅዋ ሆነ። በ1947 ተፈርዶባት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ታሰረች፤ ስትፈታም መጠጥ በሚሸጥባቸው የኒው ዮርክ ምሽት ቤቶች እንዳትዘፍን ፈቃድዋን ተነጠቀች። በ1949 ጆርጅ ዋይት የተባለው የቢሮው መርማሪ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ እንደገና ከሰሳት፤ ፍርድ ቤቱ ነጻ ለቀቃት። በ1959 ሆስፒታል ተኝታ ሳለች የኒው ዮርክ ፖሊሶች አልጋዋ ላይ እንዳለች አሰሩዋት፤ እዚያውም በ44 ዓመትዋ ሞተች። ፍሌቸር ባደረገው ነገር መጸጸቱን ኋላ ተናግሯል።

ከዚህ ጎን አንድ ሌላ ታሪክ እናኑር፤ የምናገኘውም ከዚያው ከ1961 መጽሐፉ ነው። አንድ በምክር ቤት ከፍ ያለ ቦታ የነበረው እንደራሴ የሞርፊን ሱሰኛ መሆኑ ታወቀ። አንስሊንገር አልከሰሰውም። ነገሩ ቢወጣ አገር ይጎዳል በማለት ከአንድ መድኃኒት ቤት እስኪሞት ድረስ ሞርፊኑን በሥርዓት እንዲያገኝ አደረገለት። እንግዲህ ሰውየው ሱሰኛን በመድኃኒቱ አቆይቶ በክብር ማኖር እንደሚቻል ያውቅ ኖሯል። ሐኪሞች ይህንኑ ለተራው ሰው ሲያደርጉ ግን የእሱ መርማሪዎች ይከሱዋቸው ነበር። የሰውየውን ስም በመጽሐፉ አልጠቀሰም።

በ1951ና በ1956 የወጡት ሕጎች ዳኛ ሊያቀልለው የማይችል ቅጣት አመጡ፤ የኋለኛው ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ሄሮይን የሸጠን ሰው እስከ ሞት ያስቀጣ ነበር። አንስሊንገር በ1962 በ70 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ፈረሰ ማለት ይቻላል። በ1968 የኒው ዮርክ ቅርንጫፍ መርማሪዎች ራሳቸው ከነጋዴዎች ጋር ተሻርከው በመገኘታቸው ብዙዎች ተባረሩ፤ ቢሮውም በዚያው ዓመት ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሕዶ ወደ ፍርድ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1973 ደግሞ ዛሬ ዲ ኢ ኤ የሚባለው ተተካ። የ1937ቱን የማሪዋና ግብር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ሕገ መንግሥቱን ይቃወማል ብሎ ጣለው፤ ግብሩን ለመክፈል የሚቀርብ ሰው ራሱን በወንጀል መክሰሱ ነውና። ቢሊን የከሰሳት ያ ጆርጅ ዋይትም ከስለላ ድርጅቱ ከሲ አይ ኤ ጋር ተስማምቶ በኒው ዮርክና በሳን ፍራንሲስኮ፣ ምንም ለማያውቁ ሰዎች ኤል ኤስ ዲ የሚባለውን ዕፅ በመጠጥ እየቀላቀለ ያጠጣ እንደ ነበር በ1977 በምክር ቤት ምርመራ በግልጥ ተነገረ።

አንስሊንገር ይህን የመጨረሻውን አልሰማም። ዓይኑ ታውሮ፣ ልቡም ደክሞ፣ ከአልቱና ብዙም በማትርቀው በሆሊዴስበርግ በኅዳር ወር 1975 በ83 ዓመቱ ዐረፈ። ወረቀቶቹ ዛሬ በወጣትነቱ በተማረበት በፔንሲልቬንያ ስቴት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ከጋዜጣ የቆረጣቸው የግድያ ወሬዎችም ከመካከላቸው አሉ።