የሙሴ ዦርዥ ክሎድ ሕይወት

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሓ የሚወርድ መንገደኛ፥ ጧት በደጋው ጋቢውን ደርቦ ሳለ፥ ቀትር ላይ በቆላው ልብሱን አቅልሎ ጥላ ይፈልጋል። ብርድና ሙቀት በአንድ አገር እንዲህ ተቀራርበው መኖራቸውን የቦረና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህ የብርድና የሙቀት ልዩነት ኃይል ሊሰጥ እንዲችል ተረድቶ፥ ከባሕር ኤሌክትሪክ ለማውጣት ሀብቱን ያፈሰሰ ፈረንሳዊ ሊቅ ነበረ፤ ስሙም ዦርዥ ክሎድ ይባላል።

ክሎድ በፓሪስ ከተማ በ1870 ዓ.ም. ተወለደ፤ ዘመኑንም ሁሉ የምንቈጥረው እንደ ኤውሮጳ ነው። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ፥ አሴቲሌን የተባለው በቶሎ የሚፈነዳ ጋዝ በአሴቶን ውስጥ ቢሟሟ አደጋው ቀንሶ ሊቀመጥ እንዲቻል በ1897 አሳየ። በ1902 አየርን ወደ ፈሳሽነት የሚለውጥ ዘዴ አውጥቶ፥ ከፖል ዴሎርም ጋራ ኤር ሊኪድ የተባለውን ኩባንያ አቆመ። በ1910 ደግሞ ኒዮን በተሞላ የመስተዋት ቱቦ ቀይ ብርሃን በፓሪስ ለሕዝብ አሳየ፤ በየከተማው በሱቅ ደጃፍ ሲያበራ የኖረው የኒዮን መብራት ከዚያ የመጣ ነው። በ1924 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ።

ይህ ክብር ለአንድ ሰው ዕድሜ በበቃ ነበር። ክሎድ ግን ወዳጁ አርሰን ዳርሶንቫል በ1881 ያመለከተውን ሐሳብ በሥራ ለመግለጥ ተነሣ። በሞቃት አገር የባሕሩን ላይኛ ውሃ ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ጥልቁ ግን ዘወትር ቀዝቃዛ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ እንደሚፈላ፥ ስለዚህም ባቄላው ለመብሰል እንደሚዘገይ ባለሙያ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ክሎድም አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ለብ ያለውን የባሕር ውሃ አስገብቶ ያለ እሳት አፈላው። እንፋሎቱ መዘውሩን ያዞራል፤ ከጥልቁ በቧንቧ የተሳበው ቀዝቃዛ ውሃም እንፋሎቱን መልሶ ውሃ ያደርገዋል።

በ1928 በቤልጂግ አገር በኡግሬ፥ የብረት ፋብሪካ ሙቅ ውሃንና የመዝን ወንዝ ውሃ ይዞ ቢፈትነው መኪናው ሠራ። ከዚያ ወደ ኩባ ተሻግሮ በማታንሳስ ሁለት ኪሎሜትር ያህል የሚረዝም ቧንቧ ወደ ባሕሩ ሊያሰጥም ደከመ። አንደኛው ጠፋ፤ ሁለተኛውም ጠፋ፤ ሦስተኛው በ1930 ቀንቶት 22 ኪሎዋት ተገኘ። ነገር ግን ውሃውን ለመሳብ የሚፈጀው ኃይል ከሚገኘው ይበልጥ ነበር፤ ብዙም ሳይቈይ ማዕበል ቧንቧውን ሰበረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቱኒዚ በተባለች መርከብ መኪናውን ጭኖ በብራዚል ባሕር ቢሞክር፥ ማዕበሉ ድካሙን እንደ ገና ከንቱ አደረገበት። ከገዛ ሀብቱ ብዙ አጠፋ።

በባሕር ያልተሸነፈው ስሙ በምድር ተሸነፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገሩን ፈረንሳይን ጀርመኖች በያዙ ጊዜ፥ ከጠላት ጋራ መተባበር ይገባል እያለ በንግግርና በጽሕፈት ሰበከ። አገሩ ነጻ ስትወጣ ከአካዳሚው ተሰረዘ፤ በ1945 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተፈትቶ፥ በ1960 ሞተ።

ሥራው ግን አልሞተም። በ1993 በሐዋይ ደሴት በእርሱው ዘዴ የተሠራ መኪና ለራሱ ከሚፈጀው አብልጦ ኃይል ሰጠ። ቧንቧውን የሰበረውን ማዕበልም ቢሆን፥ ኃይሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ መኪናዎች በስኮትላንድ አጠገብ በኦርክኒ ደሴቶች፥ በ2003 በተቋቋመው መፈተኛ ጣቢያ ሲመረመሩ ኖረዋል።

ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። የሌላውን ሥራ እንዲመረምር የተሾመ ሰው፥ ሙከራ በወደቀ ጊዜ ሐሳቡ ስሕተት እንደ ነበረ ወይስ ቧንቧው ብቻ ደካማ እንደ ነበረ ለይቶ ይፍረድ፤ ሳይለይ የጣለው ነገር የልጅ ልጁ የሚፈልገው ሊሆን ይችላልና። የተማረ ሰው ደግሞ ዕውቀቱ ከታማኝነት ዕዳ ነጻ እንደማያወጣው ያስብ። የተሰበረ ቧንቧ በሌላ ይተካል፤ የተሰበረ አደራ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይጠገንም።