በምትክነት የገባችው መምህርት፦ ሴንዳ በረንሰን

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሴት ከሞተች ሰባ ዓመት አልፏል። ስሟን የምናውቅ ጥቂቶች ነን፤ ሥራዋን ግን ሴቶች ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ ያየ ሁሉ አይቶታል። ዘመኖቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሴንዳ በረንሰን በ1868 ዛሬ ሊትዌኒያ በምትባለው፣ ያኔ ግን በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው አገር፣ ቡትሪሞኒስ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ወደ አሜሪካ ተሰደው በቦስተን አካባቢ ድስትና መጥበሻ እያዞሩ ይሸጡ ነበር፤ ቤተሰቡም በ1875 እዚያው ገባ። ታላቅ ወንድሟ በርናርድ አድጎ በሥዕል ጥበብ አዋቂነቱ ዓለም ያወቀው ሰው ሆነ። እሷ ግን በልጅነቷ አቅመ ደካማ ነበረች። ፒያኖ መማር ጀምራ ጀርባዋን እያመማት ተወችው።

ለጤናዋ ይሆናታል ተብሎ በ1890 ቦስተን በሚገኝ የጂምናስቲክ መምህራን ማሠልጠኛ ገባች። ይህን ትምህርት ቤት ከአንድ ዓመት በፊት በገንዘባቸው ያቋቋሙት ሜሪ ሄመንዌይ የተባሉ ባለጸጋ ሴት ናቸው። ለደጋፊዎቻችን ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም፦ ወይዘሮዋ ገንዘቡን ሲሰጡ ይህችን ጀርባዋን የምትታመም ልጅ አያውቋትም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዷት፤ ቀስ በቀስ ግን ሰውነቷ ጠነከረ።

በጥር 1892 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኖርዝሃምፕተን ከተማ ወደሚገኘው ስሚዝ ኮሌጅ በምትክ መምህርነት ተላከች። ኮሌጁ የሴቶች ነው። ለጊዜው የተባለው ሥራ 19 ዓመት ቆየ።

ተማሪዎቿ በሰልፍ ቆሞ እጅና እግር ማወዛወዙ ሰልችቷቸው ነበር። ከኮሌጁ ብዙም በማይርቀው ስፕሪንግፊልድ ደግሞ፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የወወክማ ማሠልጠኛ መምህር በታኅሣሥ 1891 አዲስ ጨዋታ ፈጥሮ ነበር፤ የፍራፍሬ ቅርጫት ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ኳስ ማስገባት ነው። ሴንዳ ስለ ጨዋታው በመጽሔት አንብባ ለወንዶች የተባለውን ለሴቶች ልሞክረው አለች። ሐኪሞችም ሆኑ ወላጆች ብዙ ሩጫ የሴት ልጅን ልብና አእምሮ ይጎዳል ብለው የሚያምኑበት ዘመን ስለነበር ይህ ድፍረት ነበር።

መጋቢት 22 ቀን 1893 የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ተጋጠሙ። ልጃገረዶቹ የለበሱት ለስፖርት የሚሆን ሱሪ መሳይ ልብስ ስለሆነ ወንድ እንዳይገባ ተከለከለ። ሴንዳ ለመጀመር ኳሱን ወደ ላይ ስትወረውር የአንደኛ ዓመቷን አምበል እጅ መታት፤ ልጅቱ ወድቃ ትከሻዋ ወለቀ። ወደ ቢሮ ወስደው ወለምታዋን መለሱላት፤ በቦታዋ ሌላ ገባችና ጨዋታው ቀጠለ። ሁለተኛ ዓመቶቹ 5 ለ 4 አሸነፉ።

ሴንዳ ለሴቶቹ ጨዋታ የተለየ ሕግ አወጣች። ሜዳውን በመስመር ሦስት ቦታ ከፈለችው፤ ተጫዋች ከራሷ ክፍል አትወጣም። ከሌላዋ እጅ ኳስ መንጠቅ ተከለከለ። ኳሱን ከሦስት ሴኮንድ በላይ መያዝም፣ ከሦስት ጊዜ በላይ ማንጠርም አይቻልም። አንዷ ጉልበተኛ ኳሱን ይዛ ብቻዋን እንዳትነግሥና ሁሉም እንዲቀባበሉ አስባ ነው። በ1899 አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሕጉን አጸደቀ፤ በ1901 በመጽሐፍ ታተመ፤ አዘጋጇም እሷ ነበረች። ከ1905 እስከ 1917 ድረስም የሴቶች ቅርጫት ኳስ ኮሚቴን በሊቀመንበርነት መራች።

ነገር ግን ሕጉ አጥርም ነበር። ኮሌጆች እርስ በርስ መጋጠማቸውን ሴንዳ ራሷ አትወድም ነበር፤ ውድድሩ በአንድ ኮሌጅ ክፍሎች መካከል እንዲቀር ትሻ ነበር። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድና የበርክሌይ ሴቶች ግን በ1896 ተጋጥመው ስታንፎርድ 2 ለ 1 አሸነፈ። የሜዳው መከፋፈል መልኩን እየለወጠ ብዙ ዘመን ዘለቀ፤ የኮሌጅ ሴቶች እንደ ወንዶቹ አምስት አምስት ሆነው በሙሉ ሜዳ የሮጡት ከ1971 ወዲህ ነው።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በዚህ ነጥብ ላይ ቡናው እስኪበርድ ተከራከርን። ከፊላችን ሴንዳ ልጃገረዶቹን አስራቸዋለች አልን። ሌሎቻችን ደግሞ የራሳችንን ጅምር አስታወስን። ማኅበራችን ሲቋቋም ስብሰባው ሳይመሽ እንዲያበቃና ሣጥኑ በአንድ ሽማግሌ ቤት እንዲቀመጥ ተስማምተን ነበር፤ እምቢ ብንል ኖሮ ግማሾቻችን ከቤት ባልወጣን። ሣጥኑን ያስመለስነው ስንት ዓመት ቆይተን ነው! በዚያ ላይ፣ ያ ትከሻ በወለቀበት ዘመን ጨዋታው ልቅ ቢሆን ኖሮ የጂምናዚየሙ በር መዘጋቱ የማይቀር ይመስለናል። ያም ሆኖ የተስማማን እንዳይመስላችሁ።

ሴንዳ ቅርጫት ኳስ ብቻ አላስተማረችም። በ1897 ስዊድን ሄዳ በስቶክሆልም ጂምናስቲክ አጠናች፤ በስሚዝም የሻሞላ ግጥሚያንና የሕዝብ ውዝዋዜን አስገባች። በ1911 የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረውን ኸርበርት አቦትን አግብታ ኮሌጁን ለቀቀች፤ እሱ በማስተማሩ ቀጠለ። እሷ ግን አላረፈችም፤ እዚያው ከተማ በሚገኝ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እስከ 1921 የሰውነት ማጎልመሻ ክፍልን መራች። ባሏ በ1929 ሲሞት በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዳ ከእህቷ ጋር ኖረች፤ በየካቲት 1954 በ85 ዓመቷ ሳንታ ባርባራ ውስጥ አረፈች።

በ1985 ስሟ በኔይስሚዝ የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ገባ። በዚያ ዓመት እሷና ሌሎች ሁለት፣ ማርጋሬት ዌድና በርታ ቲግ፣ ለዚህ ክብር የበቁ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ። አዳራሹ የሚገኘው ጨዋታው በተፈጠረበት በስፕሪንግፊልድ ነው።