የታዋቂ ሰዎች ሕይወት፦ ክሪስታል አሳዳጊዋ ዶሮቲ ሆጅኪን

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን መጽሔት እነሆ ዛሬም ደርሳላችኋለች። እኔም የታዋቂ ሰዎች ሕይወት የሚለውን አምድ ይዤ ቀርቤያለሁ። የዛሬዋ ባለታሪክ ዘፋኝም ንግሥትም አይደለችም፤ ክሪስታል ስታሳድግ የኖረች የሳይንስ ሰው ናት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እንዳትረሱ።

መጀመሪያ ታሪኳን እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ። ባለፈው ሴሚስተር የሳይንስ ክበባችን የጨው ክሪስታል ለማሳደግ ሞክሮ ነበር። ሙቅ ውሃ በብርጭቆ ቀዳን፣ ጨው ጨመርን፣ ክር በስንጥር አስረን አንጠለጠልንና መስኮት ላይ አስቀመጥነው። አንድ ሳምንት ጠበቅን፣ ምንም የለም። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አሁንም ክሩ ያው እርጥብ ክር ነው። እኔ ተናድጄ ውሃውን ልደፋው ስል የሳይንስ ቲቸራችን ከለከሉኝ። ከመድፋቴ በፊት የት ላይ እንደተሳሳትን ፈልጌ በደብተሬ እንድጽፍ አዘዙኝ። ከዚያም ዕድሜዋን ሙሉ ይህንኑ ጥያቄ ስትጠይቅ ስለኖረች ሴት አጫወቱኝ። ጨዋታው መሐል ኢንሱሊን የሚለው ስም ሲነሣ ጆሮዬ ቆመ። አያቴ የስኳር በሽታ ስላለባት በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። ቤታችን ገጠር ስለሆነ ፍሪጅ የለንም፤ ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማሁ፤ ለእናንተም ጻፍኩት።

ልጅነቷ

ዶሮቲ ክሮውፉት ሜይ 12 ቀን 1910 ግብፅ ውስጥ ካይሮ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ እንግሊዛውያን ናቸው። አባቷ በግብፅ የትምህርት ሥራ ላይ ነበሩ፤ በኋላም ወደ ሱዳን ተዛውረው የትምህርትና የጥንት ቅርስ ኃላፊ ሆኑ። እናቷ ደግሞ ዕፅዋትንና የጥንት ሽመናን ያጠኑ ነበር። እኔን ደስ ያለኝ ምን መሰላችሁ? ካይሮም ካርቱምም የአባይ ከተሞች ናቸው። አባይ ደግሞ የሚነሣው ከእኛው ምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ ከሚገኘው ግሽ አባይ ነው። እንግዲህ ዶሮቲ ሕፃን ሳለች ያየችው ወንዝ የእኛንም ሀገር ዝናብ ይዞ የሄደ ነው ማለት ነው።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የ4 ዓመት ልጅ ነበረች። ወላጆቿ እሷንና እኅቶቿን እንግሊዝ አገር ትተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ እናትና አባቷን የምታያቸው አልፎ አልፎ ነበር።

10 ዓመት ሲሆናት በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ከሸብና ከሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ማሳደግ ተማረች። ፈሳሹ ውስጥ ምንም የለም ሲሉት ጠርዝና ማዕዘን ያለው የሚያበራ ነገር ብቅ ሲል አየች። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቧ እዚያው ቀረ።

በ13 ዓመቷ ወላጆቿን ለመጠየቅ ካርቱም ሄደች። እዚያም የወርቅ አጣቢዎችን አይታ የግቢውን ቦይ አሸዋ እንደነሱ ስታጥብ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ማዕድን አገኘች። ዶክተር ጆሴፍ የተባሉ የአፈር ኬሚስት እንዴት እንደሚመረመር አሳዩዋት፤ ብረትና ቲታኒየም ያለበት ኢልሜናይት የሚባል ማዕድን ሆኖ ተገኘ። እሳቸውም ኬሚካልና ማዕድን የያዘ ሳጥን ሰጧት። በትምህርት ቤቷ ግን ኬሚስትሪ የሚማሩት ወንዶቹ ነበሩ። እሷና አንዲት ጓደኛዋ አስፈቅደው ከወንዶቹ ጋር ገቡ። ሴት ተማሪዎች፣ ይቺን ልብ በሉልኝ!

በ1928 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ለመግቢያው ላቲን ያስፈልግ ስለነበር ቀድማ ቁጭ ብላ ላቲን አጥንታለች።

ክሪስታል ለምን አስፈለገ?

እዚህ ጋ ትንሽ ላስረዳ፣ አለበለዚያ ታሪኩ አይገባችሁም። ሰውነታችን ውስጥ ፕሮቲን የሚባሉ ነገሮች አሉ። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ጨጓራችን ውስጥ ሥጋና እንቁላል የሚፈጨው ፔፕሲንም ፕሮቲን ነው። የአንዱ ፕሮቲን ቅርፅ ምን እንደሚመስል በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ በጣም ትንሽ ነው። ኤክስሬይ ግን ሊያሳይ ይችላል፤ ሐኪም ቤት አጥንት የሚነሣበት ራጅ ማለት ነው። ችግሩ አንድ ፕሮቲን ብቻውን የሚሰጠው ምልክት በጣም ደካማ ነው።

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ስናወጣ አስቡት። ሁላችንም በክፍላችን ተሰልፈን አንድ ላይ ስንዘምር ድምፃችን አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። አንድ ልጅ ብቻውን ቢዘምር ግን ከአጥሩ አያልፍም። ክሪስታል ማለት የፕሮቲኖች ሰልፍ ነው። እልፍ አእላፍ ፕሮቲኖች አንድ ዓይነት አቋቋም ይዘው ሲሰለፉ ኤክስሬዩ ፊልም ላይ ጥርት ያሉ ነጥቦች ይጥላል። ከነጥቦቹ ተነሥቶ በሒሳብ ቅርፁ ይወጣል።

ታዲያ ጨው ቶሎ ይሰለፋል፤ ፕሮቲን ግን ትልቅና ልፍስፍስ ስለሆነ ማሰለፉ መከራ ነው። ደወል ተደውሎ ሁሉም በአንዴ ሲሮጥ ሰልፍ ሳይሆን ግፊያ እንደሚሆነው፣ ፈሳሹ በድንገት ሲቀዘቅዝ ወይም ሲደርቅ ፕሮቲኖቹ ተዘበራርቀው ይከመራሉ። ያኔ የሚገኘው አተላ ነው እንጂ ክሪስታል አይደለም።

የደረቀው ክሪስታል

ዶሮቲ በ1932 ከኦክስፎርድ ተመርቃ ካምብሪጅ ሄደች፤ እዚያም በርናል ከተባለ የክሪስታል ሊቅ ጋር ሠራች። በ1934 አንድ ነገር ሆነ። ስዊድን ውስጥ አንድ ተመራማሪ ፔፕሲን በፍሪጅ አስቀምጦ በበረዶ ላይ ሊንሸራተት ሄደ። ሲመለስ እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ቆንጆ ክሪስታሎች አድገው አገኘ። አያችሁ፣ ማንም ሳይነካካቸው ሲቀር አደጉ!

ክሪስታሎቹ ከነፈሳሻቸው ካምብሪጅ ደረሱ። በርናል አንዱን አውጥቶ ኤክስሬይ ቢያደርገው ምንም የረባ ነገር አልወጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ፕሮቲን አይሆንም ብሎ ይተወው ነበር። እሱ ግን ተመልሶ በማይክሮስኮፕ አየ። ፈሳሹ ውስጥ ሲሆኑ ያበራሉ፣ ሲወጡ ይደበዝዛሉ። ለካ የፕሮቲን ክሪስታል ውስጡ ብዙ ውሃ አለ! እንጀራ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ድርቆሽ ሆኖ እንደሚሰባበር፣ ክሪስታሉም ሲደርቅ ሰልፉ ይፈርሳል። ስለዚህ እርጥቡን ክሪስታል ከነፈሳሹ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ዘግቶ ሲያነሣው ነጥቦቹ ፊልሙን ሞሉት።

በዚያ ቀን ዶሮቲ አልነበረችም። እጇን እያመማት ለንደን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ገና በ24 ዓመቷ የመገጣጠሚያ በሽታ እንዳለባት ታወቀ። ይህ በሽታ ጣቶቿን ዕድሜዋን ሙሉ ሲያጣምማት ኖረ። ስትመለስ ግን ሥራውን ቀጠለች፤ ውጤቱንም ከበርናል ጋር በዚያው ዓመት አወጡት። የፕሮቲን ክሪስታል በኤክስሬይ ጥርት ብሎ የታየው ያኔ ነው።

በጣም ደቃቁ ክሪስታል

ወደ ኦክስፎርድ ስትመለስ አንድ ፕሮፌሰር ጥቂት ኢንሱሊን ሰጧት። ክሪስታል ነው፣ ግን ደቃቅ ነው፤ ለኤክስሬይ አይሆንም። ምን አደረገች? አልጣለችውም። መልሳ አሟሟችው። ኢንሱሊን ዚንክ የሚባለው ብረት ካለ ጥሩ ክሪስታል እንደሚሆን በቅርቡ ታውቆ ስለነበር ዚንክ ጨመረችበት። አሞቀችው፣ ከዚያም ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተወችው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! ክሪስታሎቹ አደጉ፤ በ1935 የኢንሱሊኑን ፎቶ አገኘች።

የምትሠራበት ቦታ ደግሞ የሚገርም ነው። ብርሃን ያለው መስኮት ከላይ ስለነበር ማይክሮስኮፑ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በታመመ እጇ ያቺን ሚጢጢ ክሪስታል ይዛ በመሰላል ትወርድ ነበር። የኤክስሬዩን ማብሪያ ማጥፊያ ጣቷ አልችል ሲል ረጅም ዘንግ አሠርታለት በዘንጉ ትጫነው ጀመር። እጇም ቢሆን ለሷ መፍትሔ የሚፈለግለት ችግር ነበር።

በ1937 ቶማስ ሆጅኪንን አገባች፤ እሱ የአፍሪካ ታሪክ አጥኚ ነው። ሦስት ልጆች ወለዱ። በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ማርጋሬት ታቸርም ኦክስፎርድ ተማሪዋ ነበረች።

ኢንሱሊን ግን በዚያን ጊዜ ሒሳብ የሚፈታ አልሆነም፤ በጣም ትልቅ ነው። ስለዚህ ወደ ትንንሾቹ ዞረች። በ1945 የፔኒሲሊንን ቅርፅ ከባልደረቦቿ ጋር አገኘች። ቀጥላ ደም ማነስ የሚያክመውን ቀዩን ቫይታሚን ቢ12 ያዘች፤ እሱም ዓመታት ፈጅቶ በ1950ዎቹ ተፈታ። በ1964 የኖቤል ሽልማት በኬሚስትሪ ለብቻዋ ተሰጣት። ዜናው ሲደርስ አፍሪካ ውስጥ፣ ጋና፣ ባሏ ዘንድ ነበረች። በኬሚስትሪ ኖቤል ካገኙ ሴቶች ከማሪ ኩሪና ከልጇ ከኢሬን ቀጥላ ሦስተኛዋ ናት።

ሌላ ሰው ሽልማቱን ይዞ ያርፍ ነበር። እሷ ግን ያቺ የ1935 ፎቶ አልወጣችላትም። በ1969 ከወጣት ባልደረቦቿ ጋር የኢንሱሊንን ቅርፅ አገኘች። ስድስት ኢንሱሊኖች በዚንክ ዙሪያ ተሰባስበው ተቀምጠዋል። የ24 ዓመት ወጣት ሆና የጀመረችውን በ59 ዓመቷ ጨረሰች፤ 35 ዓመት ገደማ ማለት ነው! ቲቸር ይህን ሲነግሩኝ ሁለት ሳምንት ጠብቄ መናደዴ አሳፈረኝ።

በእርጅናዋም አላረፈችም። ስለ ዓለም ሰላም ትሠራ ነበር። በ1993 በተሽከርካሪ ወንበር ሆና ለሳይንስ ጉባኤ ቻይና ድረስ ሄደች። ጁላይ 29 ቀን 1994 በ84 ዓመቷ እንግሊዝ ውስጥ አረፈች።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። ኢንሱሊንን መድኃኒት ያደረጉት ሌሎች ናቸው፤ እሱ የሆነው በ1921 እና 1922 ካናዳ ውስጥ ነው። ዶሮቲ ያገኘችው ቅርፁን ነው። ቅርፁ ከታወቀ በኋላ ሳይንቲስቶች ቶሎ የሚሠራ ወይም ቀስ ብሎ የሚሠራ ኢንሱሊን አስበው ለመሥራት ቻሉ።

የእኛ ብርጭቆና የአያቴ ብልቃጥ

ወደ ጨዋችን ልመለስ። በደብተሬ የጻፍኳቸው ስሕተቶች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. ጨው አሳንሰናል። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 36 ግራም ገደማ ጨው ይችላል፤ እኛ ሁለት የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው የጨመርን።
2ኛ. አቧራ እንዳይገባ ብለን ብርጭቆውን በላስቲክ ጥብቅ አድርገን አሰርነው። ውሃው በየት በኩል ይትነን?
3ኛ. በየእረፍቱ ክሩን እያወጣን እናይ ነበር። ከሁሉም በላይ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ቲቸር ሁሉንም በአንዴ እንዳንቀይር ነገሩን፤ በአንዴ ከተቀየረ የትኛው እንዳበላሸ አይታወቅም። ስለዚህ ሦስት ብርጭቆ አዘጋጀን። አንዱ ላይ ጨው ብቻ ጨመርን። አንዱ ላይ ጨው ጨምረን ላስቲኩን በስስ ጨርቅ ቀየርን። ሦስተኛው ላይ ሁለቱንም አድርገን መነካካት ከለከልን። በሦስተኛው ክር ላይ ምስር የሚያክሉ አራት ማዕዘን ክሪስታሎች ወጡ። ሁለተኛው ላይ ደቃቅ ወጣ። አንደኛው አሁንም ባዶ ክር ነው፤ ማየት የሚፈልግ ሳይንስ ክበብ ይምጣ።

አሁን ደግሞ ጥፋቴን ልናዘዝ። የአያቴ ኢንሱሊን ነጭ ደመና የሚመስለው ዓይነት ነው፤ ሲቀመጥ ነጩ ወደ ታች ይዘቅጣል። እኔ ድሮ ብልቃጡን እንደ እርጎ እንጠው ነበር። አንድ ቀን ነርሷ አይታኝ ተቆጣችኝ፤ በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተደርጎ እንደሚንከባለል አሳየችኝ። ያኔ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን ገባኝ። ያ ነጭ ነገር በዓይን የማይታዩ የኢንሱሊን ክሪስታሎች ነው። ሰውነት ውስጥ ቀስ እያሉ ስለሚሟሙ መድኃኒቱ ረጅም ሰዓት ይሠራል። ቢናጥ አረፋ ይይዛል፣ መጠኑ ይሳሳታል፣ ፕሮቲኑም ሊበላሽ ይችላል። ጥርት ያለው ዓይነት ግን ደመና ከያዘ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ቤታችሁ ካለ ለጤና ባለሙያ አሳዩ።

ትናንት ማታ ብልቃጡን በመዳፌ ሳንከባልል ለአያቴ ስለ ዶሮቲ ነገርኳት። እጇን ያማት እንደነበር ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ክንዷን ሰጠችኝ።

የአንባቢ ጥያቄዎች፦
ሀ. ዶሮቲ የተወለደችበት ከተማ በየትኛው ወንዝ ዳር ነው?
ለ. የፔፕሲኑ ክሪስታል መጀመሪያ ለምን እምቢ አለ?
ሐ. ቤታችሁ ማር ሲረጋ ስኳር የሚመስል ነገር ይይዛል። ለምን ይመስላችኋል?

መልሱን ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ባለው ሣጥን አስገቡ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!