ማኪንቶሽን ጀምሮ ለጆብስ ጥሎት የወጣው ሰው

አፕል ሲባል ሁላችንም ቀድሞ የሚመጣልን ስቲቭ ጆብስ ነው። ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒውተር አስቦ የጀመረው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ጄፍ ራስኪን ይባላል። ዛሬ ስለ እሱ እናውጋችሁ።

ራስኪን እ.ኤ.አ. በ1943 ኒውዮርክ ተወለደ። ሒሳብ፣ ፍልስፍናና ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረ፤ ሙዚቃም ይጫወት ነበር። ከአፕል ጋር ያስተዋወቀው ለኮምፒውተራቸው የጻፈው መመሪያ ሲሆን፣ በ1978 ተቀጠረ።

ያኔ ኮምፒውተር መጠቀም ፈተና ነበር እኮ! ትእዛዙን በቃል ይዞ በፊደል መጻፍ ያስፈልጋል፤ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች በቃ፣ እንቢ ይላል። ሰዉም ራሱን ሰነፍ አድርጎ ይቆጥር ነበር። መመሪያ ሲጽፍ የኖረው ራስኪን ግን ሰው ማሽን መጠቀም ካቃተው ጥፋቱ የማሽኑ ነው ባይ ነበር።

በ1979 ማንም ሰው እንደ ቤት ዕቃ ገዝቶ፣ ሶኬት ላይ ሰክቶ የሚሠራበት ርካሽ ኮምፒውተር ለመሥራት ተነሳ። ስሙን ከሚወደው የፖም ዓይነት ወሰደ፦ ማኪንቶሽ። ባልደረቦቹም ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ ፓሎ አልቶ ባለው የምርምር ማዕከሉ የሠራውን ሄደው እንዲያዩ ይወተውት ነበር። መስኮት፣ አይከንና ማውስ አንድ ላይ የሚሠሩት እዚያ ነበር።

በ1981 ጆብስ ፕሮጀክቱን ተረከበ። ሁለቱ አልተስማሙም፤ በ1982 ራስኪን አፕልን ለቆ ወጣ። ማኪንቶሽ በ1984 ማውስ ይዞ ገበያ ሲወጣ ዋጋው 2,495 ዶላር ሆነ። ራስኪን ደግሞ ማውስ እጅን ከኪቦርድ ያርቃል ብሎ አይወደውም ነበር።

በ1987 ካነን የራስኪንን ሐሳብ ተከትሎ ካት የተባለ ኮምፒውተር አወጣ። ማውስም አይከንም የለውም። ስታበሩት ጽሑፋችሁን ካቆማችሁበት ቦታ ያስቀጥላችኋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ገበያው ላይ ግን ብዙ አልቆየም። ራስኪን በ2000 ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ2005 በካንሰር በ61 ዓመቱ አረፈ።

መጽሐፉ ውስጥ ያሰፈራቸው ሕጎች ቀላል ናቸው፤ ማሽን የሰውን ሥራ ማጥፋት የለበትም፣ የሰውን ጊዜም ማባከን የለበትም።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። አባቱ ካረፈ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ልጁ አዛ ራስኪን ማለቂያ የሌለውን ስክሮል ፈጠረ። ሐሳቡ ሰው ቀጣዩን ገጽ በመጫን እንዳይደክም ነበር። ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሲወስዱት ግን ሰውን ስክሪን ላይ አስሮ ማቆያ ሆነ፤ አዛም በዚህ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

ይህን ጽሑፍም ሳታገኙት አትቀሩም፣ እንደዚያው በጣታችሁ እየገፋችሁ። እስቲ በራስኪን ሚዛን መዝኑት፦ ስልካችሁ ጊዜያችሁን እየቆጠበላችሁ ነው ወይስ እየበላባችሁ? ኮሜንት ላይ እንጠብቃችኋለን።